ቡናው የጠጣው አንድ ሊትር

መስከረም 14

ይድረስ ለታናሽ እህቴ ለጩጬ፤

ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም፤ ደህና ብትሆኚ አትጽፊልኝም ነበር። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ያልታየ ፖስታ ሲመጣ የልብስ ማጠቢያ ቤታችን ዘበኛ ራሱ ደንግጦ "ሰው ሞቶ እንዳይሆን" እያለ ነው ያቀበለኝ። ቆሜ ከፈትኩት። ሰው አልሞተም፤ የቡና ንጥር ነው የደፈረሰው።

እኔ ደህና ነኝ። ከጠዋት እስከ ማታ የሐኪሞች ነጭ ካፖርት እተኩሳለሁ። እጄ የቡና ሽታ ለቅቆት አሁን ሳሙናና እንፋሎት ይሸታል። ቤቴ አንድ ክፍል ናት፣ መስኮቷ የጎረቤት ግድግዳ ነው የምታየው። አልጋ አለኝ፣ ወንበር አለኝ፣ ምድጃ አለኝ። ማንም ገብቶ አፌን የሚያሸት የለም፤ ስለዚህ ለኔ ቤተ መንግሥት ናት።

ስለ እማዬ "ሰላም ትልሻለች" ብለሽ በአንድ መስመር ጨርሰሻል። አላለችም። እማዬ ሰላም ብትል ኖሮ እስክሪብቶሽ እስኪያልቅ ታስጽፍሽ ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የቡናው ንጥር ለምን ይደፈርሳል፣ ወተት ውስጥ ሲገባስ ለምን ጣዕሙ ይጠፋል ነው ያልሽው። ጩጬ፣ እኔ በዚያ ኬክ ቤት ደረጃ ሥር አሥራ ስድስት ዓመት ቡና በአልኮል ስዘፈዝፍ አንድ ቀን ደፍርሶብኝ አያውቅም። አንቺም ሥራ አስገብቼሽ ሁለት ዓመት አጠገቤ ቆመሽ ጨርቁን ስትጨምቂ ነበር። ምን እንደጎደለሽ ለኔ አይገባኝም። ደግሞስ ሰካራም ይጠየቃል ወይ?

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና ላስታውስሽ። አሠሪያችን፣ ሁሉን ነገር እየሰፈረች ሚዛን ያልናት ሴትዮ፣ አምስት ሊትር አልኮል ሰጥታኝ አራት ሊትር ንጥር ተቀበለችኝ። አንዷን ሊትር የት አደረስሽ አለችኝ። ቡናው ነው የጠጣው፣ አተላው ውስጥ ቀርቷል አልኳት። አንቺን ጠራችሽ። "ቡና አልኮል ሲጠጣ አላየሁም፤ እሷ ግን እጇን ወደ አፏ ስታደርግ አይቻለሁ" አልሽ። በዚያው ቀን ወጣሁ፣ የደረጃ ሥሩ ክፍል ቁልፍ ላንቺ ተሰጠ።

እንግዲህ መልስ ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ጻፊልኝ። ስንት ሊትር ታስገቢያለሽ? አጥልለሽ ስትጨርሺ ለሚዛን ስንት ሊትር ታስረክቢያለሽ? ቁጥሩን ብቻ ነው የምፈልገው።

እህትሽ ነኝ፤ ይሄ እንኳ በኔ እጅ አይደለም።


መስከረም 25

እትዬ፣ እንዴት ከረምሽ?

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ሳነበው አልቅሻለሁ፣ እማዬ ስታየኝ ሽንኩርት ነው አልኳት። ድስት እንኳ አልተጣደም ነበር። ቁጣሽም ቢሆን ናፍቆኝ ኖሯል።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። የእማዬ ጉልበት ብርድ ሲሆን ይይዛታል እንጂ ሌላው ደህና ነው። አሁንም ከኬክ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ነን። ክፍሏ ከቁልፉ ጋር የምትሄድ መሆኗን ታውቂያለሽ፤ ቁልፉ ከኔ ከተወሰደ እማዬን የማስገባበት የለኝም። ይህን የምልሽ ላስጨንቅሽ ብዬ አይደለም።

ነገሩ ሚዛን ሁለተኛ ቤት ልትከፍት ነው። የድሮ ደንበኞች ንጥሩ የገባበትን ቀዝቃዛ ወተት ቀምሰው "ይሄ የድሮው ቡና አይደለም" እያሉ ብርጭቆውን ግማሽ ላይ ትተው ይሄዳሉ። የፋብሪካ ማጣፈጫ ገዝታ ሞከረች፣ ሳሙና ነው አሏት። አሁን አዲሱ ቤት ከመከፈቱ በፊት ንጥሩ እንደ ድሮው ካልሆነ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ ብላኛለች። እኔ የማውቀውን ሁሉ አድርጌያለሁ፣ አንቺ የምታደርጊውን ግን ከልቤ ሳላየው የቀረሁ ይመስለኛል።

ስለ ያኔው ነገር ባንነካካው ይሻላል እትዬ። ሁላችንም ተጨንቀን ነበር። ለእማዬም ጤና ጥሩ አይደለም። አንድ ቀን ፊት ለፊት ተቀምጠን እናወራዋለን።

የጠየቅሽኝን ቁጥር ደግሞ ይኸው፦ አምስት ሊትር አስገባለሁ፣ አምስት ሊትር አስረክባለሁ። ሚዛን በራሷ መስፈሪያ ነው የምትቀበለኝ። አንድም ቀን ጎድሎባት አያውቅም።

የምትወድሽ ጩጬ


ጥቅምት 3

ለጩጬ፤

አምስት ገብቶ አምስት ወጣ። እጅሽ ይባረክ። እኔ በአሥራ ስድስት ዓመት ያልቻልኩትን አንቺ በአንድ ዓመት ቻልሽው። ቤቱን ለሷ ትተው ያለፉት የሚዛን አባት ሽማግሌው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ይህን ሳያዩ መሞታቸው ያሳዝናል። እሳቸው እንኳ መስፈሪያ አልነበራቸውም፤ ጠርሙሱን ወደ መስኮት ያነሱና ያዩታል፣ ያሸቱታል፣ "ይሂድ" ይላሉ፣ አለቀ።

ይሁን። ለእማዬ ስል አሠራሩን ሳላስቀር እጽፍልሻለሁ።

ቡናው መካከለኛ ይቆላ። ዘይት ካወጣ አልፎበታል። ከተቆላ በኋላ ሁለት ቀን ይረፍ፣ ትኩሱን እንዳትዘፈዝፊ። ወፍጮ አታስገቢው። በሙቀጫ ሸርከት አድርገሽ ውቀጪው፤ አንዷ ፍሬ አራት አምስት ቦታ ከተሰበረች ይበቃታል። ከላመ መራራውን ሁሉ ይዞ ይወጣል፣ ጨርቁንም ይደፍናል። አንድ ኪሎ ቡና ለአምስት ሊትር።

አልኮሉ ሚዛን በበርሜል የምታስመጣው ጠንካራው የመጠጥ አልኮል ነው፣ ሽታ የሌለው። የሱቁ ግማሹ ውሃ ነው፣ አይሆንም። የቁስል ማጠቢያውንማ በስህተት እንኳ እንዳታቀርቢው፣ ሰው ይገድላል። ተቀይሜሻለሁ እንጂ ሞትሽን አልፈልግም፤ በሕይወት ኖረሽ እንድታዪልኝ የምፈልገው ብዙ ነገር አለ።

ሰፊ አፍ ባለው የብርጭቆ ማሰሮ አድርጊው፣ ፀሐይ አታሳዪው፣ በቀን አንዴ ነቅነቅ አድርጊው። ሃያ አንድ ቀን። ከዚያ በወፍራም ጨርቅ አጥልዪና ጨምቂ፣ ቀጥሎ በወረቀት ማጥለያ ሁለት ጊዜ አሳልፊው። መድረሱን ለማወቅ መቅመስ አያስፈልግም። አንድ ጠብታ መዳፍሽ ላይ አድርገሽ አሺና አሽትቺ። መጀመሪያ አልኮሉ ብን ብሎ ይሄዳል፤ ከሥር ቡና ብቻ ከቀረ ደርሷል። እኔ እጄን ወደ ፊቴ የማነሳው ለዚህ ነበር፤ ሁለት ዓመት አጠገቤ ስለቆምሽ ታውቂዋለሽ።

የመጨረሻው ዋናው ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጠብታ ውሃ እንዳይነካው። ማሰሮው ሲታጠብ በደንብ ይድረቅ፣ ጨርቁም እንዲሁ፣ ካጠለልሽው በኋላም ምንም አትጨምሪበት። የሚያደፈርሰው እሱ ነው፣ ጣዕሙን የሚያሳጣውም እሱ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ንጥርም ውሃ ካልገባበት እንዲሁ ነው።

ከዚህ ውስጥ የዋሸሁሽ አንድም ነገር የለም። ለእማዬ ጉልበት ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክረሽ ጨምቀሽ አድርጊላት፤ መጨመቅ ታውቂበታለሽ።

እህትሽ


ጥቅምት 19

እትዬ፣

ሰላምታዬን አጠር ላድርገው፣ ጊዜ የለኝም።

እንዳልሽኝ ቃል በቃል አደረግኩ። ቡናውን ራሴ ቆላሁ፣ ሁለት ቀን አሳረፍኩት፣ ራሴ ወቀጥኩት። ልዘፈዝፍ ስል ሚዛን ደረጃውን ወርዳ መጣች። ወርዳ አታውቅም። አምስቱን ሊትር በራሷ መስፈሪያ እያንዳንዱን እየሰፈረች ገለበጠችው። ከዚያ ቁልፉን በእጄ ላይ አስቀምጣ "ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ቁልፍ የለም፣ ያለው ያንቺ ብቻ ነው" አለችኝ። ሃያ አንዱ ቀን ሲሞላ ራሴ ቆሜ አስጠልላለሁ፣ ከደፈረሰ ውሃ ጨምረሽበታል ማለት ነው አለች።

ውሃ እንደሚያደፈርሰው በምን አወቀች? እሷ ወተትና ሻይ ለይታ የማታውቅ ሰው ናት። አንቺ ጽፈሽላታል ወይ? እውነቱን ንገሪኝ።

ደግሞስ ጎድሎ ሲወጣ ምን ልበላት? አዲሱ ቤት ኅዳር ስድስት ነው የሚከፈተው። መልስሽ ከዚያ በፊት እንዲደርሰኝ በፈጣኑ ፖስታ ላኪልኝ።

ጩጬ


ጥቅምት 27

ለጩጬ፤

አዎ፣ ጽፌላታለሁ። ሦስት መስመር ናት። "ንጥሩ የሚደፈርሰው ውሃ ሲነካው ነው። ጥርት ብሎ ከወጣ ያው የድሮው ነው። ለአዲሱ ቤትዎ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ።" ሦስቱም እውነት ናቸው፤ ሦስተኛዋ ላይ ብቻ ትንሽ ታግያለሁ።

ጽፌ ልመልስልሽ ስቀመጥ ካፖርት ስተኩስ እንኳ ያልታየብኝ ላብ ወጣኝ፣ ከደስታ ነው። "ጎድሎ ሲወጣ" ብለሻል። ጩጬ፣ ይህችን ቃል አንድ ዓመት ከሦስት ወር ስጠብቃት ነበር። ጎድሎ እንደሚወጣ ታውቂያለሽ ማለት ነው። አውቀሽ ነው የጎደለውን በውሃ እየሞላሽ አምስት ገባ አምስት ወጣ የምትዪኝ። ያን ቁጥር የጻፍሽልኝ ዕለት ነው የገባኝ። ሳታውቂ ቀርተሽ ቢሆን ኖሮ፣ ፈርተሽ ተሳስተሽ ቢሆን ኖሮ፣ እምልልሻለሁ እተወው ነበር። አንቺ ግን ያኔ ሚዛን ፊት ስትቆሚ፣ አልኮል የጠጣ አተላ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ እንደሚከብድ በገዛ ክንድሽ ታውቂ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አላየሽም፣ ሥራ ላይ ነበርሽ። እኔ ቤት ገባሁ፣ ወሬው ቀድሞኛል። እማዬ በሩ ላይ ሳመችኝ። ስማኝ አለቀቀችኝም፤ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ አፍንጫዋን አፌ ላይ አድርጋ ሳብ አደረገች። አባታችንን ታሸተው እንደነበረው። አንቺ ትንሽ ነበርሽ፣ አታስታውሺም፤ የአባታችንን ትውከት ከወለሉ ላይ የምጠርገው እኔ ነበርኩ። በምጠርግበት ጨርቅ እየማልኩ ነው ያደግኩት፣ አልኮል በአፌ ላይዞር። አሥራ ስድስት ዓመት በአልኮል ውስጥ እጄን ስነክር ኖሬ አንዲት ጠብታ አልቀመስኩም። እማዬ ምንም አልሸተታትም። "ምራቅሽን ውጠሽ ነው" አለችኝ። በማግስቱ ሻንጣዬን ያዝኩ።

እንግዲህ ሁለት በር ተከፍቶልሻል። በአንዱ ገብተሽ "ቡናው ነው የጠጣው፣ ያኔም የጠጣው ቡናው ነው፣ በእህቴ ላይ ዋሽቻለሁ" ትያለሽ። በሌላው ገብተሽ ዝም ትያለሽ፣ ሚዛንም እኔን ያለችኝን ትልሻለች። ውሃው ተዘግቷል። ከሱቅ ገዝቼ ልሙላ ብትዪ እሱም ግማሹ ውሃ ነው ብዬሻለሁ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ፤ ሳሩ ቁልፉ ነበር።

የትኛውን እንደመረጥሽ ጻፊልኝ። በፈጣኑ ፖስታ።

እህትሽ


ኅዳር 20

እትዬ፣

ደስ ይበልሽ። ሁለተኛውን መረጥኩ።

አንድ ሳምንት ሙሉ አፌን ሳለማምድ ነው የከረምኩት። "ቡናው ነው የጠጣው" ማለት ነው፣ ሦስት ቃል ናት። ኅዳር ስድስት ጠዋት አጠለልነው። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ በዓይኔ አይቼው የማላውቀው ጥራት ነበረው። ሚዛን ጠርሙሱን ወደ መስኮት እንደ አባቷ አነሳችውና "ይሄ ነው የድሮው" አለች። ፈገግ ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋት። ከዚያ ሰፈረችው። አራት ሊትር። መስፈሪያውን ገልብጣ መታ መታ አደረገችው።

"ቡናው ነው የጠጣው ልትዪኝ ነው?" አለች። "እህትሽ እንደዚያ ስትለኝ ውሸት ነው ያልሽኝ አንቺ ነሽ።"

የኬክ ጋጋሪው ቆሟል፣ አስተናጋጆቹ ሁለቱም ቆመዋል። ያዘጋጀኋትን ቃል ተውኳት። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ መሰለኝ፣ "እኔ ነኝ የጠጣሁት" አልኳት። ውሸታም ከምባል ሰካራም መባል ይቀለኛል ብዬ ነው። ያን ጊዜ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

ክፍሏን እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ እንድንለቅ ተነግሮናል።

ያኔ ለምን እንደዋሸሁ በሁሉም ደብዳቤሽ ሳትጠይቂ ጠይቀሽኛል። ሚዛን አስቀድማ ጠርታኝ ነበር። "እሷ ከወጣች ቁልፉ ያንቺ ነው" አለችኝ። በዚያ ቤት ሁለት ዓመት "የንጥሯ እህት" ነበርኩ፣ ስሜን የሚያውቅ አልነበረም። እማዬም ቢሆን በማታ ስገባ "እህትሽስ?" ነው የምትለኝ፣ እኔ በር ላይ ቆሜ። ቁልፉን ስይዝ ሰው የምሆን መስሎኝ ነበር። ይሄ ምክንያት አይሆንም፣ አውቃለሁ።

እማዬን ልንገርሽ፤ ይሄን ነው መስማት የምትፈልጊው። ከጋጋሪው ሰማች። ገብቼ ስስማት ፊቴን ያዘችና አሸተተችኝ። ምንም አልሸተታትም። "የዛሬ ዘመን መጠጥ አይሸትም" አለች። ከመደርደሪያ ላይ የቁስል ማጠቢያውን ሳይቀር አንስታ ደበቀችው። ማታ ግድግዳውን እያየች "የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ፣ የኔስ ሁለቱም አንድ ቀለም ወጡ፣ ሁለቱም የአባታቸው" አለች። ከዚያ ወዲህ በደንብ አታናግረኝም፣ እንጀራዬንም ቀምሳ አታውቅም ማለት ይቻላል፤ ጎረቤት ያመጣላትን ትበላለች።

ረክተሻል?


ኅዳር 26

ለጩጬ፤

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅኩ፤ አልዋሽሽም፣ ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ ድምፅ አውጥቼ ሳቅኩ። "የዛሬ ዘመን መጠጥ አይሸትም" የምትለዋ ጋ ስደርስ እማዬን በዓይኔ አየኋት። ሁለተኛ ሳነበው ሳቁ አልመጣም። ሦስተኛ ላይ "ሁለቱም" የምትለዋ ቃል ላይ ቆምኩ።

ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም የሚባለውን እማዬ ነበረች የምትነግረን። እኔ ላንቺ ልክ ቆፍሬ እሷን ጨምሬ ጣልኳት። አንድ ሰካራም ልጅ የነበራት ሴት ሁለት ሆኑባት፣ ቤትም አጣች። እኔም ያው ሰካራም ነኝ፣ ምንም አልተነሣልኝም፤ እንዲያውም ምስክር ተጨመረብኝ። ካንቺ ይሄን አልጠበቅኩም ነበር። ፈሪ መሆንሽን አውቃለሁ፣ ይህን ያህል ግን አላሰብኩም።

አላዘንኩልሽም፣ ይቅርም አላልኩሽም። እንዳትሳሳቺ። ግን የምልሽን ታደርጊያለሽ።

ከሱቅ የትኛውንም ነጭ መጠጥ ግዢ፣ ለዚህ ሲሆን ቢደፈርስም ግድ የለም። ሩብ ኪሎ ቡና ሸርክተሽ አዘጋጂ። እማዬን አስቀምጫት። አምስት ኩባያ እሷ ራሷ ትስፈር፣ በእጇ ትገልብጠው። የማሰሮውን አፍ በራሷ ሻሽ ትሰረውና ከአልጋዋ ሥር ታስገባው። ቡና ጣዕሙን ለመስጠት ነው ሦስት ሳምንት የሚፈልገው፤ ለመጠጣት አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ጠዋት ራሷ ፈታ፣ ራሷ ጨምቃ፣ ራሷ ትስፈር። አንቺ እጅሽን አጣጥፈሽ ቆመሽ ትመለከቺያለሽ።

ከዚያ በፊት ግን፣ መጠጡ ሳይገለበጥ፣ ያደረግሽውን ሁሉ በአፍሽ ትነግሪያታለሽ። ጨርቁ ቀድሞ ከተናገረ ያንቺ ቃል ዋጋ የለውም። እኔ ለሚዛን የጻፍኩትን ሦስት መስመርም ንገሪያት፣ የኔንም ክፋት ትወቀው።

እህትሽ


ታኅሣሥ 9

እትዬ፣

አደረግኩት።

መጀመሪያ ነገርኳት። ከቁልፉ ጀምሬ ውሃ እስከሞላሁበት፣ እስከ ሦስቷ መስመርሽ ድረስ። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ "መጠጡን አምጪው" ብቻ አለች፤ ያመነችኝ አልመሰለኝም። ለሁለት ሰካራም አንድ ውሸት አይከብድም ብላ ይሆናል።

አምስት ኩባያ ሰፈረች። ፊቷን አዙራ ነው የገለበጠችው፣ ሽታው አባታችንን አስታውሷት። በጥቁሩ ሻሿ ሦስት ጊዜ ቋጠረችው። ሌሊቱን የተኛች አይመስለኝም፤ በተገላበጥኩ ቁጥር እጇ ከአልጋው ወርዶ ማሰሮው ላይ ነበር።

ጠዋት ቋጠሮውን ራሷ ፈታች። አጥልላ ጨመቀችው። ጉልበቷን ወለሉ ላይ አድርጋ ክንዷ እስኪንቀጠቀጥ ጨመቀችው፣ ልርዳሽ ስላት በክርኗ ገፋችኝ። ሰፈረች። አራት ኩባያ። እንደገና ወደ ጨርቁ ሄዳ ጨመቀች፣ ጠብ አላለም። ጨርቁን በመዳፏ ይዛ ወደ ላይ ወደ ታች አደረገችው፣ ክብደቱን እያየች። 

"ያቺን ልጅ ነው ያሸተትኳት?" አለች።

እኔን አይደለም የጠየቀችው። ጨርቁን ነው።

ከዚያ ጫማዋን አደረገች። እርጥቡን ጨርቅ በሳህን ይዛ ወጣች፣ እኔም ተከተልኳት። በዚያ ጉልበቷ ደረጃ አልወርድ የምትለው ሴት እንዴት እንደፈጠነች ብታዪ። ኬክ ቤቱ በሰው ሞልቷል። ሳህኑን ሚዛን ፊት አስቀምጣ "ሩብ ኪሎ ቡና ነው የገባው፣ ያንቺው ሚዛን ይናገር" አለቻት። ጨርቁ መመዘኛው ላይ ወጣ። ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ሚዛን የመመዘኛውን ሳህን ጠርጋ ሁለተኛ መዘነችው። 

ያኔ ተናገርኩ። እየጮህኩ ነው የተናገርኩት፣ ቀስ ብዬ ብል የምተወው ስለመሰለኝ። "እህቴ አልጠጣችም። እኔም አልጠጣሁም። እኔ ዋሽቻለሁ" አልኩ። ወተት የያዘች አንዲት ደንበኛ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ጋጋሪው ቆቡን አወለቀ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሚዛን ቁልፉን ካንገቷ ላይ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ "እሷ ስትመጣ ትውሰደው" ብላ። ክፍሏንም እንዳትለቁ ብላናለች። ይቅርታ አላለችም፤ እሷ ያው እሷ ናት።

እማዬ ልጻፍላት ብላ ትናንት ማታ አጠገቤ ተቀመጠች። እስክሪብቶዬን ይዤ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኳት። "ተይው፣ ምን እላታለሁ" ብላ ተነሣች።

እኔም ምን እንደምልሽ አላውቅም። ይቅርታ የሚለውን ቃል አሥር ጊዜ ጽፌ አሥር ጊዜ ቀድጄዋለሁ፣ ትንሽ ትሆንብኛለች። ነይ ልበልሽ?

ጩጬ


ታኅሣሥ 17

ለጩጬ፤ ለእማዬም ጮክ ብለሽ አንቢላት፤

ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ ነው ያነበብኩት። የአንድ ሐኪም ካፖርት ጀርባው ላይ የካውያ ምልክት ቀረበት፣ በአሥራ ሰባት ወር የመጀመሪያ ጥፋቴ ነው። ለአለቃዬ ካፖርቱ ነው የጠጣው ብላት አልገባትም።

ሚዛንን እንዲህ በያት። ቁልፉን እወስዳለሁ። ንጥሩን እሠራለሁ። መስፈሪያዋን ግን ደረጃ ሥር ይዛ እንዳትወርድ፤ ጠርሙሱን ወደ መስኮት ታንሳና ትይ፣ እንደ አባቷ። ካልተስማማት ካፖርት መተኮስ አልጠላሁም።

አንቺም ትመለሻለሽ። ጨርቁን የምትጨምቂው አንቺ ነሽ፣ በቃሽ እስክልሽ። መቼ እንደምልሽ አላውቅም። ምናልባት እስክናረጅ።

እማዬ፣ አሁን ላንቺ ነው። ባለፈው ወር በሃያ ስድስተኛው ቀን፣ ለጩጬ ጽፌ ስጨርስ፣ እኔም አንዲት ማሰሮ ዘፈዘፍኩ። ለምን እንደሆነ ያኔ አላወቅኩም ነበር። ዛሬ ሃያ አንድ ቀኗ ሞላ፣ አጠለልኳት። መዳፌ ላይ አሽቼ አሸተትኳት፣ ደርሳለች። ከወጣሁ ወዲህ እጄ ቡና ሲሸት ይሄ መጀመሪያው ነው።

ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። አንቺ እንደምታውቂው፣ አሁን ታውቂያለሽና፣ በዕድሜዬ አልኮል በአፌ ዞሮ አያውቅም። ቅዳሜ ግን ከአውቶቡሱ ወርጄ እቤት ከመድረሴ በፊት ከዚህ ንጥር አንድ ማንኪያ በቀዝቃዛ ወተት አድርጌ እጠጣለሁ። አፌ ይሸታል። በሩ ላይ ሳሚኝ። ፊቴን በሁለት እጅሽ ይዘሽ እንደዚያን ቀን አሽትቺኝ፣ አልሸሽም። ሽታው ይደርስሻል። ደርሶሽ ዝም እንድትይ ነው የምፈልገው። ዝም ብለሽ "ግቢ ልጄ፣ መንገዱ ደክሞሻል" በይኝ። ካሳዬ ይህች ናት፣ ከሁለታችሁም ሌላ አልጠይቅም።

የመመለሻ ቲኬት ግን ቆርጫለሁ።